የባለቤቴ ሳል ከፍየሏ ደረት እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የድምፅ ትርጉም ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ደረትዎ የጠራ፣ ጉሮሮዎ የማይከረክር፣ ከሦስተኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት በደረጃ ቢወርዱ እንኳ ትንፋሽዎ የማይቆራረጥ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ምኞቴ የይስሙላ እንዳይመስልዎ። በእኛ ድርጅት ታሞ የተገኘ ሰው ምን ላይ እንደሚውል ስለማውቅ ነው።

በስም ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ምድር ቤት ያለሁት ነኝ፤ ሠራተኛው «ቡጢ» እያለ የሚጠራኝ። ፊልሞቹ ከውጭ ሲመጡልን ንግግሩና ሌላው ድምፅ አንድ ላይ ተጣብቆ ስለሚመጣ፣ በእኛ ቋንቋ ልንተካው ንግግሩን ስናነሳ ቡጢውም፣ ጥፊውም፣ ውድቀቱም አብሮ ይሄዳል፤ ያንን መልሶ መሙላት የእኔ ሥራ ነው። እርጥብ ፎጣ በጣውላ ላይ ስመታ ጥፊ ይሆናል፤ ጥቅል ጎመን በእጄ ስሰነጥቅ የጎድን አጥንት ይሆናል፤ ደረቅ መኮሮኒ በጨርቅ ጠቅልዬ ስጨመድድ ጣት ይሰበራል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስንቱን እንደደበደብኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ከሥራ ውጪ ግን ዝንብ እንኳ እሽ ብዬ ነው የምሸኘው። ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያለችኝን ቃል የለቀምኳት ከፊልም ነው። ስለዚህ አለፍ አለፍ እያለ ጠብ ያለሽ በዳቦ የመሰለ ነገር ቢያገኙበት፣ ሥራው ለምዶበት ነው ብለው ይለፉልኝ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌም ከድፍረት አይደለም። አሽጌ የላክኋቸው ሁለቱ እስከ ዛሬ እንደታሸጉ፣ የአበባ ማስቀመጫው ውሃ የጸሐፊዎን ጠረጴዛ እንዳያበላሽ ከሥሩ ተነጥፈው አይቻቸዋለሁ። ለአበባው ከጠቀሙ ደስ ይለኛል። ይቺኛዋን ግን በሠራተኛው ማስታወቂያ ሰሌዳና በሲኒማ ቤቱ የትኬት መስኮት ጎን ለጥፌያታለሁ፤ አንዲት ጋዜጣም ለማተም ፈቃደኛ ሆናለች። አበባ የሚቀመጥበት ቦታ አይደለም፤ ይቅርታ።

በቅድሚያ እንኳን ደስ አለዎት። «ባለቀንዶቹ ቁጥር ሁለት» አዳራሽ ሞልቷል። ፊልሙን ያላየ ሰው ግር እንዳይለው ባጭሩ ላስረዳ። በካርቱን የተሠራ፣ ልጅ ከወላጁ ጋር የሚያየው የካራቴ ቀልድ ነው። ልብስ አጥበው የሚያድሩ የፍየል ቤተሰብ አሉ። አባትየው ፈሪ፣ እናትየው ቁጡ፣ መንታዎቹ ግልገሎች ካራቴን ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የተማሩ፣ አያቲቱ ደግሞ ጥቁር ቀበቶዋን አርባ ዓመት ሙሉ መጋረጃ ማሰሪያ አድርጋ የደበቀች። በቁጥር አንድ ጅቦች መጥተው ተደበደቡ። በቁጥር ሁለት እነዚያው ጅቦች አጎታቸውን ይዘው መጥተው እንደገና ተደበደቡ። ድብደባው የእኔ ስለሆነ ጥሩ ነው።

በቁጥር አንድ ለአያቲቱ ድምፅ የሰጠቻት ባለቤቴ ነበረች። ተዋናይ አልነበረችም፤ ልብስ ሰፊ ነበረች። ለመቅረጫ ክፍሉ ግድግዳ ድምፅ የሚመጥ ወፍራም መጋረጃ ልትለካ መጥታ፣ ሽቦ የምንለው ድምፅ ቀራጫችን «ሁለት ሜትር ይበቃል» ቢላት፣ «አንተን ለመጠቅለል ነው ወይስ ግድግዳውን?» ብላ ስትሞልጨው፣ ሽቦ በመናደድ ፈንታ ሜትሩን ከእጇ ቀምቶ ወደ እርስዎ ቢሮ ሮጠ፤ «ፍየሏን አገኘኋት» እያለ። እርስዎም ወርደው ሰምተዋት በጣም ስቀዋል። የዚያን ቀን ሳቅዎ ጥሩ ነበር፤ አልረሳውም። ቀረጻው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ባለቀ በአምስተኛው ወር ባለቤቴ በሳንባዋ ሕመም አረፈች። እርስዎም ቀብሯ ላይ ተገኝተዋል፤ አመሰግናለሁ፤ መነጽርዎ ያምር ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ። ሥራ የሚበዛበት ሰው ነገር በቁጥር ሲቀርብለት ይቀለዋል ብለው በአንድ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቼዎት ነበር።

1. በሲኒማ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለው ትልቁ ማስታወቂያ «ጥርስ የማታስከድነው አያት ተመልሳለች» ይላል። አልተመለሰችም። ብትመለስ ኖሮ በሩን የምከፍትላት እኔ ነበርኩ።

2. በቁጥር ሁለት ለአያቲቱ የምትናገረው ሌላ ሴት ናት። በእሷ ቅሬታ የለኝም። ጎበዝ ናት፤ ሥራውን ከመቀበሏ በፊት ቤቴ ድረስ መጥታ «ቅር ይልሃል ወይ ወንድሜ?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ከመሥሪያ ቤታችን የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ሳሉ ግን የእሷ አይደለም። እዚህ ላይ የእኛን አሠራር ለማያውቅ ላስረዳ። ማንኛውም ድምፅ ሰጪ ንግግሩን ሲጨርስ ለብቻው ይስቃል፣ ያነጥሳል፣ ያቃስታል፣ እንደወደቀ ሰው «እህ» ይላል፤ ያ ሁሉ ስም ተለጥፎለት «ቋት» የምንለው ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጥና ባስፈለገ ጊዜ ይወጣል። ባለቤቴ በቋቱ ውስጥ አርባ ሦስት ድምፅ አላት። እርስዎ ከአርባ ሦስቱ አንዱን መረጡ።

ከውጭ የመጣውን ዋናውን ፊልም ኋላ ላይ አይቼዋለሁ። እዚያ አያቲቱ ጅቦቹን የምትጥላቸው በጩኸት ነው፤ «ሜ» ትላለች፣ ይወድቃሉ። እርስዎ ግን በቁጥር አንድ ላይ ተመልካቹ ሳሏን እንደወደደላት አስታውሰው «ጩኸቱን አንሱና ሳል አድርጉት» ብለው አዘዙ። ሆነም። አያቲቱ ታስላለች፣ ጅብ ግድግዳ ጥሶ ይወጣል። አሥራ አንድ ጊዜ። አፏ የሌላ ሰው፣ ደረቷ የባለቤቴ። ከሞተ ሰው አንድ ነገር ለይቶ አውጥቶ አሥራ አንድ ቦታ መትከል ቀላል ችሎታ አይደለም፤ ስንቱ ሐኪም ያቃተው ነገር ነው፤ አድናቆቴን ይቀበሉኝ።

3. እኔ የምሠራው ድምፅ በሌለው ምስል ላይ ስለሆነ ይህን ሁሉ አላወቅሁም ነበር። ጅብ ሲወድቅ እያየሁ የውድቀቱን ድምፅ ሠራሁ፤ ምን እንደጣለው አልጠየቅሁም። ያወቅሁት ፊልሙ ለሠራተኛው የታየ ዕለት፣ ከሽቦ አጠገብ ተቀምጬ ነው። የመጀመሪያው ሳል ሲመጣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽቦ ዘወር ብሎ አላየኝም። እኔ ሰዉ ሲስቅ አብሬ ጥርሴን አሳየሁ። ምን ተሰማህ ቢሉኝ፣ ምንም። እስከ ዛሬም ምንም። ጥርስ ሊነቅሉ ሲሉ ከሚወጉት መርፌ በኋላ ከንፈርን ሲነኩት የሌላ ሰው ከንፈር አይመስልም? እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ የእኔ ከንፈሬ ላይ አለመሆኑ ነው። በልቼ አድራለሁ፤ ጎመን እሰነጥቃለሁ፤ ሰላምታ እሰጣለሁ።

4. ሳሉ ለስልክ ጥሪ ተብሎ በነጻ መለቀቁን የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው። አጠገቤ በተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ ኪስ ውስጥ ባለቤቴ አሳለች። ሰውየው ስልኩን ጎርጉሮ አወጣና «አቤት፣ አቤት፣ ደርሻለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» አለ። አልደረሰም ነበር፤ ገና መሳፈሩ ነው። እኔም ከመውረጃዬ ሦስት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ። በሰፈራችን ያሉ ልጆችም ጨዋታ አድርገውታል። አንዷ ታስላለች፣ ሌሎቹ ጅብ ሆነው አስፋልቱ ላይ ይዘረራሉ፤ ከዚያ «አሁን የእኔ ተራ ነው፣ አንቺ ሁለቴ አስለሻል» እየተባባሉ ይጣላሉ። በሕዝብ ዘንድ ያገኙት ተቀባይነት ይህን ያህል ነው፤ ይኩሩበት።

5. መጨረሻ ላይ ከሚያልፉት ስሞች መሐል የባለቤቴ ስም የለም። ሻይ ላቀረበው ሰውዬ ምስጋና አለ፤ ጄኔሬተር ላከራየው ምስጋና አለ። ምናልባት አምልጦኝ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ገብቼ፣ መብራት በርቶ ጠራጊዎቹ ወንበር ለወንበር እየዞሩ «አባባ፣ አልቋል እኮ» እስኪሉኝ ተቀምጬ አንብቤዋለሁ።

6. ይህ ተራ ቁጥር የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው። ደብዳቤው አንድ ስለሆነ አብሬ አስገብቼዋለሁ፤ ከፈለጉ ይዝለሉት።

ያ ሳል የተቀረጸው በመጨረሻው ቀን ነው። የሳል ተራ ገና አልደረሰም ነበር። «ቀበቶዬን አምጡልኝ» ከሚለው ቃሏ ቀጥሎ ዝም ብሎ መጣ። በቀረጻ ጊዜ ማራገቢያው ስለሚጠፋ ክፍሉ ይታፈናል። የጽሑፍ ማስቀመጫውን ይዛ ጎንበስ አለች። ሽቦ ማሽኑን አላቆመም። እኔ ጥግ ላይ ጎመኔን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ረጅም ሳል ነበር፤ ከሥር ተነሥቶ፣ መሐል ላይ እንደ ፉጨት ቀጥኖ፣ መጨረሻው ላይ ልክ እንደ ፍየል የሚሰበር። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። «ይቺን እንዳታጠፋት» ያልኩትም እኔ ነኝ። እሷም ዓይኗን በአንድ ጣቷ እየጠረገች «ለፍየሏ ስጧት፤ እኔ ሌላ አለኝ» አለች። ሽቦ ስም ሲለጥፍበት «ሳል፣ አያት፣ ምርጥ» ብሎ ጻፈ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የምኖረው በጆሮዬ ነው። ዛሬ የተቀጠፈውን ጎመን ካደረው በድምፁ እለያለሁ። በደረጃው የሚወርደው እርስዎ መሆንዎን ወይም የሒሳብ ሹሙ መሆኑን ከጫማችሁ አውቃለሁ። የገዛ ሚስቴ ደረት ሲቀደድ ግን ጥሩ ድምፅ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሐኪም ዘንድ የሄድነው ከዚያ በሰባተኛው ሳምንት ነው። ሐኪሙ «ቀደም ብሎ ምልክት አልነበረም?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ምልክቱ ቋት ውስጥ ተቀምጧል፣ ስምም አለው ማለት አልቻልኩም፤ «አላስተዋልንም» አልኩት። ስለዚህ ሌባውን እያሳደድኩ ያለሁ ንጹሕ ሰው አይደለሁም። በሩን የከፈትኩልዎ እኔ ነኝ።

7. ጸሐፊዎ ሦስት ቀን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ መለሰችኝ። በአራተኛው ቀን ከስብሰባው ሳንድዊች ይዘው ሲወጡ ተገናኘን። የሚመሰገነውን ማመስገን ይገባል፤ ሳንድዊቹን ወደ ግራ እጅዎ አዛውረው በቀኝዎ ትከሻዬን ይዘውኛል። «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ለእሷ መታሰቢያ ነው። ስንቱ ሞቶ ድምፁ እንኳ አይቀርም» አሉኝ። ቀጥለው «ደግሞ ቃል ቢሆን እሺ፤ ሳል ነው። የማን ሳል እንደሆነ ማን ይለያል?» አሉ። ሊፍቱ መጣ፣ ገቡ። ጥያቄ ጠይቀውኝ ሳልመልስ መሄድዎ ከንክኖኝ ነበር፤ መልሱን ቀጥሎ ያገኙታል።

8. ልጃችን ስምንት ዓመቷ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቷ ሁለተኛ ክፍልን በሙሉ በሁለት አውቶቡስ ጭኖ «ባለቀንዶቹ ቁጥር ሁለት»ን ሊያሳይ ነው። የፈቃድ ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ እስካሁን አልፈረምኩበትም። እሷ ጓደኛዋ አጠገብ እንድትቀመጥ ከወዲሁ ተነጋግራለች። እንዳትሄድ ብከለክላት ለምን ትለኛለች፤ ምን እንደምላት እርስዎ ቢያውቁ ይንገሩኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ቴሌቪዥኑ ከወዲያ እንደተከፈተ ነው። የፊልሙ ማስታወቂያ መጣ፤ ሳሉ መጣ። ልጄ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። እርሳሷን አስቀመጠች፣ ተነሣች፣ ከጆጉ በብርጭቆ ውሃ ቀዳች፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደች። እናቷ በታመመች ጊዜ የእሷ ሥራ ይህ ነበር፤ ማንም ሳያዛት ሳሉ ሲሰማ ተነሥታ ታደርስ ነበር። በሩ ዝግ ነው። በሩ ፊት ቆመች። ምን ያህል እንደቆመች አላውቅም፤ ሸሚዙ ግን ተቃጥሏል። ከዚያ ዘወር ብላ አየችኝና ውሃውን ራሷ ጠጣችው። እስከ መጨረሻው። «ጠምቶኝ ነው» አለችኝ። «ጠጪ» አልኳት። ተመልሳ መደመሯን ቀጠለች።

ይህን የነገርኩዎ አንጀትዎን ለመብላት አይደለም። የማን ሳል እንደሆነ ማን ይለያል ብለው ስለጠየቁኝ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ፊልሙ ይውረድ አላልኩም። ቁጥር ሦስትም ይምጣ፤ ጅቦቹ አክስታቸውንም ይዘው ይምጡ፤ እኔ በደህና ጎመን እደበድባቸዋለሁ። ያቺ አንድ ሳል ብቻ ከቅዳሜ በፊት ከአሥራ አንዱ ቦታ ትውጣልኝ። ቦታዎቹን በደቂቃና በሴኮንድ ጽፌ አያይዣለሁ። ሽቦን አነጋግሬዋለሁ፤ «አንድ ሰዓት ተኩል አይፈጅብኝም፣ ግን ያለ እሳቸው ፊርማ ጣቴን አላነሣም፤ ልጆች አሉኝ» ብሎኛል፤ አልፈርድበትም። እንግዲህ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው፤ ስምዎን በሚጽፉበት በዚያው እስክሪብቶ ይሆናል። የቀሩትን አርባ ሁለቱን ድምፆቿን እንደፈለጉ ይጠቀሙባቸው። ሳቋም እዚያው አለ፤ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ። ጥሩ ሳቅ ነው። እስካሁን ያወጣው ሰው የለም።

ውድ ጊዜዎን ከዚህ በላይ እንዳልሻማ እዚህ ላይ ላብቃ። መስኮት ከሌላት ክፍሌ ሆኜ፣ የሌለኝን ባርኔጣ አንሥቼ፣ ግንባሬ ጣውላውን እስኪነካ ጎንበስ ብዬ፣ ሹመትዎ እንዲረዝም፣ አዳራሽዎ እንዲሞላ፣ ቤተሰብዎ በሙሉ ጤና እንዲሆን እየተመኘሁ የምሰናበትዎ፣

የድርጅትዎ ደብዳቢ፣
በእርስዎም መልካም ፈቃድ የፍየሏ ባል

ማሳሰቢያ፦ ሳሉ ሲወጣ ቦታው ባዶ እንዳይሆንብዎ በማሰብ፣ ጎመን በማስቀምጥበት ጓዳ ውስጥ ለሁለት ቀን ተዘግቼ እያሳልኩ አሥራ አንድ ምትክ ቀርጬአለሁ። ሽቦ ጋ ተቀምጠዋል፤ «ሳል፣ ቡጢ» የሚል ተለጥፎባቸዋል። ቅዳሜን እስክናልፍ እንኳ በእነሱ ይብቃቁ። በጥራታቸው ግን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አቅጥኜም አወፍሬም ሞክሬዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ እንደ ፍየል ሰብሬዋለሁ፤ ሽቦ አሥራ አንዱንም ሰምቶ አንዴ እንኳ ፈገግ አላለም። የእኔ ጥፋት ብቻ አይምሰልዎ። ጤነኛ ሰው ሲያስል ያን ያህል አያስቅም።